ኢሜይል ሰርቨር ላይ ሳይጠረጉ የሚቀሩ ጊዜያዊ ፋይሎች፦ ምንጫቸውን ማወቅ፣ በጥንቃቄ ማጽዳት፣ እንዳይመለሱ ማድረግ

ኢሜይል መግባት ያቆማል። የፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚቀበለውና የሚያስተላልፈው ፕሮግራም) ሎግ ላይ «452 4.3.1» የሚለው የቦታ ማነስ መልስ ይደጋገማል። ዲስኩ ሲታይ ሞልቷል፤ የተጠቃሚዎቹ የመልእክት ሳጥኖች ግን እንደ ወትሮው ናቸው። እንዲህ ሲሆን ቦታውን የያዙት ብዙውን ጊዜ ቫይረስና ስፓም የሚፈትሹት ፕሮግራሞች ለአፍታ ብለው ፈጥረዋቸው ሳያጠፏቸው የቀሩ ፋይሎች ናቸው።

ጤነኛ ሰርቨር ላይ የአንድ ጊዜያዊ ፋይል ዕድሜ ሴኮንዶች፣ ቢበዛ ደቂቃዎች ነው። የፈጠረው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ያጠፋዋል። ፋይሉ ከቀረ ግን ወይ ፕሮሰሱ ሥራ ላይ እያለ ሞቷል፣ ወይ ስህተት ገጥሞት ፋይሉን ለማስረጃ ብሎ ትቶታል። ስለዚህ ማጥፋቱ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ፕሮሰሱን ምን እንደገደለው ካልታወቀ ዛሬ የጸዳው ፎልደር ሰንብቶ ተመልሶ ይሞላል።

መመሪያው የተጻፈው ሊኑክስ ላይ ፖስትፊክስ፣ ዶቭኮት፣ አማቪስ፣ ክላምኤቪና ስፓምአሳሲን አብረው ለሚሠሩበት ሰርቨር ነው። ዶቭኮት መልእክቱን ወደ ተጠቃሚው ሳጥን ያደርሳል፤ አማቪስ ከፖስትፊክስ ተቀብሎ ያስፈትሻል፤ ክላምኤቪ ቫይረስ፣ ስፓምአሳሲን ስፓም ይፈልጋሉ። የትእዛዞቹና የፎልደሮቹ ስም እዚህ እንደ አነባበቡ ተጽፏል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ያስገቧቸው።

ምንም ከማጥፋትዎ በፊት፦ የሞላው ምንድን ነው?

ዲስክ በሁለት መንገድ ይሞላል። አንደኛው በመጠን ነው፤ ይህን «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» ያሳያል። ሁለተኛው በአይኖድ (ፋይል ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚመድበው መዝገብ) ቁጥር ነው፤ ይህን «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» ያሳያል። ሁለቱንም ይዩ። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች የያዘ ዚፕ አባሪ ተፈትቶ በቀረ ቁጥር መጠኑ ኢምንት ቢሆንም አይኖዱ ያልቃል። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ብቻ ያየ ሰው «ገና 40 በመቶ ነጻ ነው» ብሎ ችግሩን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ፖስትፊክስ ደግሞ ዲስኩ ጨርሶ እስኪሞላ አይጠብቅም። የነጻው ቦታ መጠን ከ«ሜሴጅ ሳይዝ ሊሚት» አንድ ተኩል እጥፍ ሲያንስ መቀበል ያቆማል። የዚህ ቅንብር መነሻ ዋጋ 10,240,000 ባይት ስለሆነ ወሰኑ 15,360,000 ባይት ላይ ይወድቃል። የመልእክት ጣሪያውን ወደ 50 ሜጋባይት ከፍ ካደረጉ ግን 75 ሜጋባይት ገደማ ነጻ ቦታ እያለም «ቦታ የለም» ማለት ይጀምራል። ሌላው አሳሳች ነገር የኤክስት4 ፋይል ሲስተም ነው። በተለምዶ ከቦታው 5 በመቶውን ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ስለሚያስቀር፣ እርስዎ በሩት ገብተው ሲሞክሩ መጻፍ ይቻላል፤ አማቪስ በራሱ ተጠቃሚ ስም ሲሞክር ግን አይችልም። ሙከራዎን ሁልጊዜ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ተጠቃሚ ስም ያድርጉ።

ቀጥሎ ቦታውን የያዘውን ፎልደር ይፈልጉ። «ዲዩ»ን ከ«ሰረዝ ኤክስ» ጋር ያሂዱ፤ ወደ ሌላ ፋይል ሲስተም እንዳይሻገር ይከለክለዋል። ጥልቀቱን 1 ላይ ወስነው ከ«ቫር» ጀምሩና ትልቁን ቁጥር እየተከተሉ ይውረዱ። «ዲዩ» የሚደምረውና «ዲኤፍ» የሚለው ካልተገናኙ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው፣ ፋይሉ ከፎልደሩ ተሰርዟል፤ የከፈተው ፕሮሰስ ግን አልዘጋውም። ዶቭኮት ይህን ሆን ብሎ ያደርገዋል። ሲያደርስ ከ128 ኪሎባይት የበለጠ መልእክት ሲገጥመው «ሜይል ቴምፕ ዲር» በተባለው ቦታ (ካልተቀየረ ዋናው «ቴምፕ» ፎልደር ነው) ፋይል ይከፍትና ስሙን ወዲያው ይሰርዛል። ይዘቱ የሚለቀቀው ፕሮሰሱ ሲዘጋው ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል «ኤልኤስ» አያሳይም፤ «ኤልኤስኦኤፍ» ከ«ፕላስ ኤል 1» ጋር ግን ከነፕሮሰስ ቁጥሩ ያወጣዋል። መፍትሔው የያዘውን አገልግሎት ሪስታርት ማድረግ ነው፤ የሚያጠፉት ፋይል የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በሞላ ፎልደር ላይ በኋላ ሌላ ፋይል ሲስተም ማውንት ከተደረገ (ከተገጠመ)፣ የድሮዎቹ ፋይሎች ከሥር ተደብቀው ቦታውን እንደያዙ ይቆያሉ። የዋናውን ፋይል ሲስተም ሥር በ«ባይንድ» ማውንት ሌላ ቦታ ላይ ከፍተው ሲያዩት ብቅ ይላሉ።

አማቪስ፦ አብዛኛው ክምችት እዚህ ነው

የአማቪስ ጊዜያዊ ፎልደር እንደ ሲስተሙ ቦታው ይለያያል። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ከ«ቫር» ሥር «ሊብ»፣ ከዚያ «አማቪስ»፣ ከዚያ «ቴምፕ» ብለው ይደርሱበታል። እያንዳንዱ ልጅ ፕሮሰስ (መልእክት እንዲፈትሽ አማቪስ የሚያስነሳው ቅጂው) እዚያ የራሱን ንዑስ ፎልደር ይፈጥራል። ስሙ «አማቪስ» ብሎ ይጀምርና ቀን፣ ሰዓት፣ የፕሮሰስ ቁጥርና ጥቂት የዘፈቀደ ፊደላት ይከተላሉ።

ስሙን ማንበብ ይልመዱ። ለምሳሌ ቀኑ 20240312፣ ሰዓቱ 091544፣ የፕሮሰሱ ቁጥር 02817 ቢሆን፣ ፎልደሩ መጋቢት ወር ውስጥ ከጠዋቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 09:15:44 ላይ በፕሮሰስ 2817 ተፈጥሯል ማለት ነው። «ፒኤስ» ብለው 2817ን ይፈልጉ። ቁጥሩ ከሌለ፣ ወይም አሁን የሌላ ፕሮግራም ከሆነ፣ ፎልደሩ ባለቤት የለውም። የአማቪስ ልጅ ሆኖ ከተገኘ ግን በሥራ ላይ ነው፤ አይንኩት። ውስጡ አንድ የመልእክት ጽሑፍ ፋይልና «ፓርትስ» የሚባል ፎልደር አለ። የጽሑፉ ፋይል ዜሮ ባይት ሆኖ «ፓርትስ»ም ባዶ ከሆነና ፕሮሰሱ በሕይወት ካለ፣ ልጁ ቀጣይ መልእክት እየጠበቀ ነው። ይህ ጤነኛ ሁኔታ ነው።

ስሙ ላይ ያለው ሰዓት ፎልደሩ የተፈጠረበት እንጂ ችግሩ የደረሰበት አይደለም። አንድ ልጅ ያንኑ ፎልደር ለተከታታይ መልእክቶች ይጠቀምበታል፤ «ማክስ ሪኩዌስትስ» የተባለው ቁጥር ሲሞላ ብቻ ፎልደሩን አጥፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ሎጉን ከዚያ ሰዓት ጀምረው ወደፊት በፕሮሰስ ቁጥሩ ይከተሉ። «ፕሪዘርቪንግ ኤቪደንስ» የሚል መስመር ካገኙ አማቪስ ፎልደሩን ያቆየው ስህተት ስለገጠመው ነው፤ የስህተቱ ምክንያት እዚያው አካባቢ ተጽፏል። መስመሩ ከሌለና የፕሮሰሱ ሎግ ድንገት ከተቋረጠ፣ ልጁ ከውጭ ተገድሏል።

ሌሎቹ ምን ይተዋሉ?

ክላምኤቪ አባሪ ሲፈታ በዋናው «ቴምፕ» ውስጥ ስማቸው በቀድሞዎቹ እትሞች «ክላምኤቪ» ብሎ በረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር የሚያልቅ ፎልደሮች ይፈጥራል። ቅንብሩ ላይ «ሊቭ ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለው «የስ» ከሆነ ሆን ብሎ ይተዋቸዋል። ችግር ለመመርመር ተከፍቶ ሳይዘጋ የቀረበት ሰርቨር ስለማይጠፋ መጀመሪያ እሱን ይዩ። አገልግሎቱ በሲስተምዲ (በሊኑክስ የአገልግሎቶች አስተዳዳሪ) የራሱ «ፕራይቬት ቴምፕ» ከተሰጠው ደግሞ ፋይሎቹ ስሙ «ሲስተምዲ ፕራይቬት» በሚል በሚጀምር ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ አገልግሎቱ ሲቆም አብረው ይጠፋሉ።

ስፓምአሳሲን ሁለት ዓይነት ይተዋል። አንዱ በዋናው «ቴምፕ» ውስጥ በነጥብ የሚጀምር የተደበቀ ፋይል ነው፤ «ኤልኤስ» ላይ «ሰረዝ ኤ» ካልጨመሩ አይታይም። ትልቁ ጠንቅ ሁለተኛው ነው። የቤይስ ዳታቤዙ (ስፓምን ከቃላቱ ለመለየት የሚማርበት መዝገብ) ያረጁ ቃላትን ሲያራግፍ አዲስ ፋይል ይጽፋል፤ ስሙ «ቤይስ ቶክስ ነጥብ ኤክስፓየር» ሆኖ የፕሮሰስ ቁጥር ይከተለዋል። ማራገፉ መልእክት በሚፈተሽበት ሰዓት ስለሚካሄድ ጊዜ ይፈጃል፤ ልጁ በጊዜ ገደብ ይገደላል፤ ፋይሉ ይቀራል። ማራገፉ ስላልተጠናቀቀ ቀጣዩ መልእክት እንደገና ያስጀምረዋል፣ እንደገና ይገደላል፣ ሌላ ፋይል ይቀራል። በአማቪስ ተጠቃሚ የግል (ሆም) ፎልደር ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ካዩ የሆነው ይህ ነው።

ሜይልዲር (እያንዳንዱ መልእክት በየራሱ ፋይል የሚቀመጥበት የሳጥን አደረጃጀት) ውስጥ መልእክት በቅድሚያ «ቴምፕ» ላይ ተጽፎ ሲያልቅ ወደ «ኒው» ይዛወራል። በመሃል ፕሮሰሱ ከሞተ ቁራጩ «ቴምፕ» ውስጥ ይቀራል። ዶቭኮት ከ36 ሰዓት በላይ የቆዩትን ራሱ ያጠፋል፤ የሚፈትሸው ግን በመነሻ ቅንብሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም ሳጥኑ ሲከፈት። ማንም የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ለዓመት ሊቀመጥ ይችላል።

በፖስትፊክስ ፈንታ ኤግዚም የሚጠቀሙ ከሆነ ከስፑሉ (ከወረፋ ፎልደሩ) ሥር «ስካን» የተባለውን ፎልደር ይዩ፤ በመልእክት መለያ የተሰየሙ ንዑስ ፎልደሮች እዚያ ይቀራሉ። ራውንድኪዩብ (በብራውዘር ኢሜይል ማንበቢያው) ደግሞ ተሰቅለው ያልተላኩ አባሪዎችን በራሱ «ቴምፕ» ውስጥ ያስቀምጣል፤ መነሻ ዕድሜያቸው 48 ሰዓት ነው፤ «ጂሲ ነጥብ ኤስኤች» የተባለችው ስክሪፕት በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው መርሐ ግብር) ከተያዘች ይጸዳሉ።

ገዳዩን መለየት

የማስታወሻ (ራም) ማነስ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው። ክላምኤቪ የቫይረስ መለያዎቹን ሲጭን ከ1 ጊጋባይት በላይ ማስታወሻ ይይዛል። አዲስ ዳታቤዝ ሲመጣ አሮጌውን ሳይለቅ አዲሱን ስለሚጭን ለጥቂት ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) በዚያ ሰዓት ማስታወሻ ሲያልቅበት አንዱን ፕሮሰስ ይገድላል። የከርነሉን ሎግ በሚያሳየው «ዲሜሴጅ» ውስጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚለውን ይፈልጉና ሰዓቱን ከቀሩት ፎልደሮች ሰዓት ጋር ያስተያዩ። ከተገጣጠሙ ምክንያቱ ተገኝቷል። ማስታወሻ መጨመር የማይቻል ከሆነ የክላምኤቪን «ኮንከረንት ዳታቤዝ ሪሎድ» ወደ «ኖ» ይለውጡ፤ ዳታቤዙ እስኪጫን ፍተሻው ይቆማል፣ ማስታወሻው ግን እጥፍ አይሆንም።

ሁለተኛው የጊዜ ገደብ ነው። የአማቪስ «ቻይልድ ታይምአውት» በመነሻው 480 ሴኮንድ ነው። ፖስትፊክስ ለአማቪስ የሚሰጠው «ኤስኤምቲፒ ዳታ ደን ታይምአውት» ደግሞ ምንጊዜም ከዚህ መብለጥ አለበት፤ «ማስተር» ፋይሉ ላይ 1200 ማድረግ የተለመደ ነው። ፖስትፊክስ ቀድሞ ተስፋ ከቆረጠ መልእክቱን እንደገና ይልካል፤ አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ እየተፈተሸ ተቀባዩም ሁለት ቅጂ ሊደርሰው ይችላል።

ሦስተኛው የፈቃድ ችግር ነው። የክላምኤቪ ተጠቃሚ የአማቪስ ግሩፕ አባል ካልሆነ ፋይሎቹን ማንበብ አይችልም፤ ሎጉ ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይታያል። አማቪስ ፎልደሩን ለማስረጃ ያቆይና ፖስትፊክስን «ቆይተህ ሞክር» ይለዋል። ፖስትፊክስም ይሞክራል፦ በመነሻ ቅንብሩ ከ300 ሴኮንድ ጀምሮ እስከ 4000 ሴኮንድ እያራዘመ፣ እስከ 5 ቀን ድረስ። 5 ቀን 432,000 ሴኮንድ ነው፤ ለ4000 ሲካፈል 108። ማለፍ ያልቻለ አንድ መልእክት ብቻ ከመቶ በላይ ፎልደር ሊተው ይችላል ማለት ነው። መልእክቱ 20 ሜጋባይት ቢሆን ከ2 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። የቀሩት ፎልደሮች ውስጥ ያሉት የመልእክት ፋይሎች መጠናቸው ባይት በባይት የሚቀራረብ ከሆነ ይህንኑ ይጠርጥሩ፤ ርእሳቸውን ሲያዩ አንድ ይሆናል።

ዲስክ መሙላት ራሱም ገዳይ ነው። ቦታ ሲያልቅ ሁሉም ፍተሻ ይሰናከላል፣ እያንዳንዱ ስንክል ሌላ ፎልደር ይተዋል። ሎጉን ወደ ኋላ ሲከተሉ ዲስኩ ከመሙላቱ በፊት የነበረውን የመጀመሪያውን ስህተት ይፈልጉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሺህ መስመሮች የእሱ መዘዝ ናቸው።

ማጽዳት

1. ሁለት ሦስት የቀሩ ፎልደሮችን ለምርመራ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። የሰዎች ደብዳቤ ነውና የማንበብ ፈቃዱን ለሩት ብቻ ያድርጉ፤ ሲጨርሱ ያጥፉት።

2. አማቪስን ያቁሙ። ፖስትፊክስን ማቆም አያስፈልግም። ፖስትፊክስ መልእክቱን ከወረፋው የሚሰርዘው አማቪስ ፈትሾ መልሶ ካስረከበና «250» ካለ በኋላ ነው። ስለዚህ በአማቪስ ጊዜያዊ ፎልደር ያለው ሁሉ ግልባጭ ነው፤ ዋናው ወረፋ ላይ አለ ወይም ደርሷል። አማቪስ ከወረፋው በፊት በፕሮክሲ መልክ የቆመ ከሆነ ደግሞ ዋናው ላኪው ሰርቨር ጋ ነው።

3. አማቪስ ቆሞ፣ አንድም ልጁ እንዳልቀረ «ፒኤስ» ላይ አረጋግጠው፣ በአማቪስ «ቴምፕ» ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ያጥፉና መልሰው ያስነሱት። ከጎኑ ያለው «ቫይረስሜይልስ» ኳራንቲን (የታገዱ ደብዳቤዎች ማቆያ) ነው፤ ጊዜያዊ አይደለም። በስህተት የታገደ ደብዳቤ የሚመለሰው ከዚያ ስለሆነ አብሮ እንዳይጠፋ።

4. አማቪስን ማቆም የማይቻል ከሆነ «ፋይንድ»ን በዕድሜ ገድበው ይጠቀሙ፦ ጥልቀቱ 1፣ ዓይነቱ ፎልደር፣ ስሙ በ«አማቪስ» የሚጀምር፣ «ኤምሚን ፕላስ 1440»፣ መጨረሻ ላይ «ፕሪንት»። ዝርዝሩን በዓይንዎ ያንብቡ። የፎልደር የለውጥ ሰዓት የሚታደሰው በቀጥታ ውስጡ ፋይል ሲጨመር ወይም ሲጠፋ ነው። አማቪስ የመልእክቱን ፋይል ባዶ አድርጎ ደግሞ ስለሚጽፍበት፣ ትራፊክ በሚያንስበት ሰርቨር ላይ በሕይወት ያለ ልጅ ፎልደር የሁለት ቀን አሮጌ ሊመስል ይችላል። ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የፕሮሰስ ቁጥሩን እያመሳከሩ ያጥፉ።

«ፋይንድ» ላይ ሁለት ስህተቶች ውድ ዋጋ ያስከፍላሉ። «ዲሊት» የሚለው ምርጫ ከማጣሪያዎቹ በፊት ከተጻፈ ማጣሪያዎቹ ሳይታዩ ሁሉም ይጠፋል፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይግባ። «ኤምታይም ፕላስ 1» ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ ማለት አይደለም፤ ክፍልፋዩን ስለሚጥል ሙሉ 48 ሰዓት ያለፈውን ነው የሚይዘው። በደቂቃ መቁጠር ይሻላል።

5. ሜይልዲር ላይ 36 ሰዓት 2160 ደቂቃ ነው። መንገዱ የግድ «ቴምፕ»ን እንዲያልፍ በ«ፓዝ» ይገድቡ፣ ዓይነቱን ፋይል ያድርጉ፣ መጀመሪያ ያትሙ። ገደቡ ከተዘነጋ «ከር» ውስጥ ያለው የሰው ደብዳቤ ሁሉ ይሄዳል። የፋይሉ ስም በተፈጠረበት ሴኮንድ ስለሚጀምር ዕድሜውን ከስሙም ማረጋገጥ ይቻላል። ሳጥኖቹ ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚጋሩት ፋይል ሲስተም) ላይ ከሆኑ የሁለቱን ማሽኖች ሰዓት መጀመሪያ ያስተካክሉ።

6. የፖስትፊክስ ወረፋ ውስጥ በ«አርኤም» ምንም አይጥፋ። ተጽፎ ያለቀ የወረፋ ፋይል የማስኬጃ ፈቃድ ቢት ይኖረዋል፣ ያላለቀው አይኖረውም፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ይመሳሰላሉ፣ አንዱን በስህተት ማጥፋት ደብዳቤ ማጥፋት ነው። ከብልሽት የተረፉትን «ፖስትሱፐር ሰረዝ ፒ» ይጠርጋል፤ አንድን መልእክት ለመሰረዝ «ፖስትሱፐር ሰረዝ ዲ» ከመለያው ጋር ይስጡ።

7. ለቤይስ፣ ማራገፍ ወይም መማር እየተካሄደ አለመሆኑን ይዩና ስማቸው «ኤክስፓየር» ያለባቸውን ብቻ ያጥፉ። «ቤይስ ቶክስ» እና «ቤይስ ሲን» ዳታቤዙ ራሱ ናቸው። ከዚያ «ቤይስ ኦቶ ኤክስፓየር»ን 0 አድርጉና «ኤስኤ ለርን»ን ከ«ፎርስ ኤክስፓየር» ጋር በየሌሊቱ በክሮን ያስይዙ። ክሮኑ በአማቪስ ተጠቃሚ ስም መሆን አለበት። በሩት ከሄደ ዳታቤዙ የሩት ንብረት ይሆናል፣ አማቪስም ከዚያ ወዲያ መጻፍ አይችልም።

እንዳይመለስ

ዋናውን «ቴምፕ» ሲስተሙ ያጸዳዋል ብለው አይተማመኑ። የሲስተምዲ መነሻ ደንብ ለ«ቴምፕ» 10 ቀን፣ ለ«ቫር ቴምፕ» 30 ቀን ነው። ደቢያን ግን እስከ 12ኛው እትም ድረስ «ቴምፕ»ን የሚያጸዳው ሲነሳ ብቻ ነበር፤ ለዓመት ያልተነሳ ሰርቨር የዓመት ትርፍራፊ ይዟል። «ቴምፕፋይልስ» ደንቦች ውስጥ ለክላምኤቪ የራስዎን መስመር ከዕድሜ ጋር ይጨምሩ።

የአማቪስን ፎልደር ማስታወሻ ላይ፣ በቲኤምፒኤፍኤስ ማድረግ ፍተሻውን ያፈጥናል፤ ማሽኑ ሲወድቅም ደብዳቤ አይጠፋም፣ ዋናው ወረፋው ላይ ነውና። መጠኑን በልጆቹ ቁጥር ያስሉ፦ 5 ልጆች፣ 25 ሜጋባይት የመልእክት ጣሪያ፣ ለተፈቱት ክፍሎች አራት እጥፍ ሲታሰብ 500 ሜጋባይት። የልጆቹ ቁጥር ፖስትፊክስ ወደ አማቪስ ከሚከፍተው የግንኙነት ቁጥር ጋር እኩል ይሁን። ይሁንና ገዳዩ የማስታወሻ ማነስ ከነበረ ይህን አያድርጉ፤ የሚቀሩት ፎልደሮች አሁን ዲስክ ሳይሆን ማስታወሻ ይበላሉ፣ ግድያውም ይብሳል።

ለክትትል የሚበጀው ቁጥር የዲስክ መቶኛ አይደለም፤ እሱ የሚጮኸው ከመሸ በኋላ ነው። በአማቪስ «ቴምፕ» ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ቁጥር ከ«ማክስ ሰርቨርስ» መብለጥ የለበትም። 5 ልጆች ካሉ 6ኛው ፎልደር የመጀመሪያው ምልክት ነው። በየ10 ደቂቃው ቆጥሮ ከበለጠ የሚያሳውቅ የሁለት መስመር ስክሪፕት ይበቃል።

በመጨረሻ ጥገናውን ይፈትኑ። 68 ባይት የምትሆነውን የአይካር መሞከሪያ ጽሑፍ (ጉዳት የሌላት፣ ቫይረስ ፈታሾች ግን እንደ ቫይረስ የሚይዟት) ዚፕ ውስጥ አድርገው በአባሪነት ከውጭ ይላኩ። ሎጉ ላይ መታገዷን፣ ኳራንቲን ውስጥ መግባቷን ይዩ። ከዚያ አማቪስን ሪስታርት አድርገው ፎልደሮቹን ይቁጠሩ። ስማቸው ላይ ያለው የፕሮሰስ ቁጥር ሁሉ «ፒኤስ» ላይ ከሚታዩት ልጆች ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት፤ ያልገጠመ ካለ ስሙን ይዘው ወደ ሎጉ ይመለሱ።